ማታ ማታ የምትሞቀው ፒክአፕ

የሾፌሩ ቅሬታ እንግዳ ነበር፦ «ቀን ደህና ናት፤ ማታ ግን ሙቀቷ ቀዩ ላይ ይወጣል።» መኪናዋ ባለ ካርቡሬተር አሮጌ ፒክአፕ ናት። ጋራዡ በለመደው መንገድ ሄደ። ቴርሞስታቱ (የማቀዝቀዣውን ውሃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተቀየረ፣ የሙቀት ቡልቦው (ሞተሩ ላይ ሆኖ ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረው) ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ታጠበ። ማታ ጠቋሚው ተመልሶ ቀዩ ላይ ወጣ። የቀረው ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) አውርዶ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ማየት ብቻ መሰለ።

ቴስታታው ሳይወርድ ግን መኪናዋ ነዳጅ አልቆባት መንገድ ላይ ቆመች። የነዳጁ ጌጅ ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ ያሳይ ነበር። መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የነዳጅና የሙቀት ጌጅ ቡልቧቸውም ሽቧቸውም ለየብቻ ነው፤ ሁለቱ አብረው ወደ ላይ ከሳቱ ችግሩ የሚጋሩት ነገር ላይ መሆን አለበት። የሚጋሩት ደግሞ ሁለት ነገር ነው፦ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ትንሹ የቮልቴጅ ሬጉሌተርና የሱ ማሳ፣ ማለትም ከረንቱ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ።

በአሮጌ መኪኖች ይህ ሬጉሌተር በሙቀት የሚሠራ ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ ማሞቂያ የብረት ምላስ ታጥፋለች፤ ምላሱ ሲታጠፍ ኮንታክቱ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። በዚህ መክፈትና መዝጋት የባትሪው ቮልቴጅ እንደ መኪናው ዓይነት በአማካይ ወደ 5፣ 7 ወይም 10 ቮልት ይወርዳል። ማሞቂያዋ የምትሠራው ግን ማሳ ካገኘች ብቻ ነው። ማሳው ሲደክም ምላሱ በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ኮንታክቱም ተዘግቶ ይቆያል፤ ጌጆቹ ሙሉውን 12 ቮልት ይጠጣሉ፣ ጠቋሚዎቹም ከእውነቱ በላይ ይወጣሉ።

ታዲያ ለምን ማታ? የዳሽቦርዱ አምፖሎችም የሚመለሱት በዚያው ደካማ ማሳ ነው። መብራት ሲበራ የነሱ ከረንት ይጨመርበትና ለማሞቂያዋ የሚቀረው ቮልቴጅ ጭራሽ ያንሳል። አምፖሎቹ ፈዘው መብራታቸው ራሱ ምልክት ነበር፤ ሁሉም አይቶት «አርጅተው ነው» ብሎ አልፎታል።

ፍተሻው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። መጀመሪያ ሞተሩ ሞቆ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱ ቤት ተለካ፤ 85 ዲግሪ፣ ማለትም ሞተሩ ጤነኛ ነው። ይህ ልኬት ቴርሞስታቱ ሳይቀየር በፊት መወሰድ ነበረበት። ቀጥሎ የሙቀት ቡልቦው ሽቦ ተነቀለ፤ ጠቋሚው ወደ ቀዝቃዛው ወረደ፣ ስለዚህ ሽቦው የትም ከቦዲ ጋር አልተነካካም። የተነቀለውን ሽቦ በቀጥታ ማሳ ላይ መንካት ጌጁን ሊያቃጥለው ስለሚችል መሐል ላይ የ3.4 ዋት አምፖል ገባ፤ ጠቋሚው ተነሣ። ጌጁም ይሠራል ማለት ነው።

ዳሽቦርዱ ከመውጣቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። የኪሎሜትር ኬብሉ ከጀርባ ተለቀቀ፤ ይህን ረስቶ መጎተት ጀርባው ላይ ያለውን ስስ የመዳብ ኤሌክትሪክ መስመር ይቀድዳል። ከዚያ ባትሪው ተመልሶ፣ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው የሬጉሌተሩ ቤት ላይ ሆኖ ቁልፉ ተከፈተ። ከ0.1 ቮልት በላይ ማሳየት የሌለበት ቴስተር 3 ቮልት አሳየ፤ መብራት ሲበራ 7። የሬጉሌተሩ መውጫ ላይም መብራቱ በርቶ 12.4 ቮልት ቀጥ ብሎ ቆመ። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ምክንያቱ የዳሽቦርዱ ማሰሪያ ብረት ነው፤ ቀደም ሲል ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ተቀብቷል፣ ማሳው ደግሞ የሚያልፈው በዚያው ብረት ብሎን በኩል ነበር። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ ከብሎኑ ሥር ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገባ፤ በዚያ ላይ ከሬጉሌተሩ ቤት ወደ ቦዲ የ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በቀለበት ተርሚናል ታሰረ። ልኬቱ ወደ 0.04 ቮልት ወረደ፤ አምፖሎቹም ደመቁ።

ሞተሩ ሲነሣ ግን የሙቀቱ ጠቋሚ ከቀዝቃዛው ንቅንቅ አልል አለ። አዲሱ ቡልቦ ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፕ ተጠቅልሎበት ነበር። ባለ አንድ ሽቦ ቡልቦ ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ ነው፤ ቴፑ ያንን ያፍናል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱን የሸፈነው ትርፉ ቮልቴጅ ነበር። በቡልቦው ገላና በሞተሩ መሐል 40 ኦም ተለካ፤ ከ1 ኦም ማነስ ነበረበት። ቴፑ ተላጠ፣ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ጸዳ፣ ቡልቦው እንዲሁ ባዶውን ታሰረ፤ ውሃም አላፈሰሰም። በ85 ዲግሪ ጠቋሚው መሐል ላይ ቆመ፣ መብራት ሲበራም ከቦታው አልተነሣም።