አያቴ ዝም የሚሉበት ቦታ

አያቴ ሲያርፉ እማዬ ለራሷ ያስቀረችው መቋሚያቸውን ብቻ ነው። እንጨቱ ከመዳፋቸው ብዛት ልስልስ ብሏል። "አንድ ቀን ጎንደር ይዤው እሄዳለሁ" ስትል ዓመታት አለፉ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አብረን ተነሣን።

አያቴ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ለምነው የተማሩ ሰው ናቸው። አቋቋም የተማሩት ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው። አቋቋም ማለት ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አስማምቶ ማኅሌት መቆም ነው። በአታ ደግሞ የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ ናት። የሌላ አገር ተማሪም ለማስመስከር እዚያ ይሄዳል።

እኔ የማውቃቸው ግን እግራቸው ከደከመ በኋላ ነው። በዘመነ ጽጌ ሌሊት ሌሊት አልጋቸው ላይ ቁጭ ይሉና በመቋሚያው ወለሉን ቀስ እያሉ እየመቱ ያዜማሉ። "ንዒ ርግብየ..." ይላሉ። ትንሽ ይሄዱና ዝም ይላሉ። ዝምታው ረዘም ይላል። እኔና እህቴ እንተያያለን። "አባባ፣ ረሱት እንዴ?" እንላቸዋለን። እጃቸውን ከፍ አድርገው ቆዩ ይሉናል። ከዚያ ካቆሙበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ ይቀጥላሉ። እርጅና ነው ብለን ነበር። እማዬም እንደዚያው አስባ፣ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር።

አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣ። የአባይን በረሃ ስንወርድ እማዬ መቋሚያውን በነጠላ ጠቅልላ ጉልበቷ መሀል ይዛዋለች። ረዳቱ "እናቴ፣ ላይ ልስቀልልዎት" ቢላት እንቢ አለች። ባሕር ዳር አደርን። በማግስቱ የፎገራን ሜዳ አቋርጠን ቀትር ሳይሆን ጎንደር ገባን። ቅዳሜ ነበር፣ ጥቅምት 18።

ማኅሌተ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ በየእሑዱ ሌሊት ይቆማል። እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። ድርሰቱ የአባ ጽጌ ድንግል ነው። እኛ አዲስ አበባ ሳለን የምንደርሰው ለቅዳሴ ነበር፤ ሌሊቱን አናውቀውም። እማዬም በልጅነቷ የምታስታውሰው አባቷ ለማኅሌት ሲወጡ በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው።

በአታ ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውስጡ ግን በጧፍና በዕጣን ሞቋል። እማዬ ወደ ሴቶቹ ዘንድ ከመሄዷ በፊት መቋሚያውን ሰጠችኝ። እኔ መቆም አልችልበትም። ከአጠገቤ አንድ ወጣት ደብተራ ባዶ እጁን ስላየሁት አቀበልኩት። መዘነውና ፈገግ አለ። "የማን ነው?" አለኝ። "የአያቴ። እዚሁ ነው የተማሩት።" ግንባሩን አስነክቶ ተሳለመውና ወደ ቀኙ ሰልፍ ገባ።

መጀመሪያ ዜማው ብቻውን ነው፣ ከበሮ የለም። ቀጥሎ መቋሚያዎቹ አብረው ያዘነብላሉ፣ አብረው ይነሣሉ። ከዚያ ጸናጽሉ። ቆይተው ሁለት ሰዎች ከበሮ በአንገታቸው አንግተው መሀል ገቡ። ሽብሸባው እየሞቀ፣ ጭብጨባው እየፈጠነ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አንድ ቦታ ላይ የቀኙ ሰልፍ "ንዒ ርግብየ" አለ። የአያቴ ዜማ ነው። ሰውነቴ ቀድሞኝ አወቀው። ትንሽ ሄዱና እዚያችው ቦታ ላይ፣ አያቴ ዝም የሚሉባት ቦታ ላይ፣ ዝም አሉ። ፊት ለፊት የቆመው የግራው ሰልፍ ተቀበለ። ዜማውን አንሥቶ ሄደ፣ ሄደ፣ ጨረሰ። ያኔ ቀኙ እንደገና ገባ።

ለካ አልረሱም። ቀኝ ይመራል፣ ግራ ይቀበላል። አያቴ አልጋቸው ላይ ሆነው የራሳቸውን ወገን አዚመው፣ የማዶው ተቀብሎ እስኪጨርስ እየጠበቁ ነበር። እኛ ደግሞ ያንን ጊዜ በጥያቄ እንሞላባቸው ነበር። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ኪዳን ደርሶ፣ ተቀድሶ ስንወጣ ፀሐይ ሞቃለች። ለእማዬ ነገርኳት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ቆይታ "ሰምቼዋለሁ" አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ወጣቱ መቋሚያውን በሁለት እጁ ይዞ አመጣላት።

ሰኞ ስንመለስ፣ ፎገራ ላይ፣ ከጎኔ ሆና በለሆሳስ ጀመረች። "ንዒ ርግብየ..." በመቋሚያው የአውቶቡሱን ወለል ቀስ አድርጋ መታች። ትንሽ ሄደችና እዚያችው ቦታ ስትደርስ ዝም አለች።

ቃሉን አልያዝኩትም። ከግራው ሰልፍ የሰማሁትን ዜማ በአፍንጫዬ ብቻ፣ እንደቻልኩት ተቀበልኳት።