ከ33ቱ ፊደል 21 ደረስኩ

እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው መጋቢት ስጽፍላችሁ በእጄ የሳልኩት ስድስት የፊደል ካርድ ነበረኝ። ከስድስቱ ሁለቱን በኋላ ቀድጃቸዋለሁ። አሁን ሐምሌ ነው። ጎንደር ዝናቧን ታወርዳለች፤ እኔም 21 ካርድ ይዤ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። 12 ይቀረኛል።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አዘዞ የምትኖረው እህቴ የአምስት ዓመት ልጅ አላት። ማሙሽ እንበለው። ለጥምቀት እኛ ጋ ሲመጡ ከገበያ የተገዛ ባለ ስዕል የፊደል ሰሌዳ ይዞ መጣ። አጠገቤ አስቀምጬ አስቆጥረው ጀመር። "ፐ" ላይ ስንደርስ ቀይ ፍሬ ተስሏል፤ ከሥሩ "ፖም" ይላል። ማሙሽ ቀና ብሎ አየኝ። "እታለም፣ ይሄ አፕል ነው እኮ!" አለኝ። ልክ ነው። ቤታችን ውስጥ ፖም የሚል ሰው የለም። እኔ ራሴ ፖም የሚለውን ቃል የማውቀው ከእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ቃኘሁት። መርከብ አለ፣ ዓሣ ነባሪ አለ። ከድመቷና ከዶሮዋ በቀር ልጁ ደጅ ወጥቶ የሚያገኘው ነገር የለም። "ተወው፣ እኔ እስልልሃለሁ" አልኩት። አፌ ቀደመኝ። ስዕል የሚባል ነገር ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ነክቼ አላውቅም ነበር።

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወረቀት አይቸግረኝም። ማሽኑ ያጨማደደው፣ ቀለም የፈሰሰበት፣ ደንበኛ "ይሄ አይደለም" ብሎ ጥሎት የሄደው ሁሉ ጀርባው ነጭ ነው። የአንድ ተመራቂ ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለት ጀርባው ላይ ሦስት ድመት ተኝቶበታል። ጊዜውን ደግሞ መብራት ይሰጠኛል፣ ማለቴ ሲጠፋ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ እኔ እርሳስ አነሳለሁ። በፊት ስልኬን እየነካካሁ እበሳጭ ነበር። አሁን አንዳንዴ መብራቱ ቶሎ ሲመጣ ቅር ይለኛል። ለአለቃዬ እንዳትነግሩብኝ።

በምን ዓይነት እርሳስ እንደምስል የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ሱቃችን ያለው ተራው ባለ ላጲስ እርሳስ፣ ኤችቢ ነው። መስመር ለማውጣት ይበቃል፤ ጥላ ግን አያጠቁርም። የእርሳስ ልቡ የግራፋይትና የሸክላ ድብልቅ ነው። ሸክላው ከበዛ ይጠነክራል፣ ግራፋይቱ ከበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ለስላሳውን፣ ስድስት ቢ የሚሉትን፣ ከአዲስ አበባ አስልኬ ሁለት ወር መንገድ ላይ ቆየ። ሲደርስ አንዱ ተሰብሯል። ቢሆንም ጀበናውን እንደገና ስስለው ልዩነቱን አየሁ። በኤችቢ የተሳለው ጀበና ግራጫ ነው፣ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። በስድስት ቢ የተሳለው እሳት ላይ የዋለ ጀበና ነው።

ትልቁ ትግል የ"ገ" ካርድ ነበር። ጎንደር ተወልዶ "ገ" ላይ ከግንብ ሌላ ነገር የሚስል ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ታሪኩን ሁላችንም በቃላችን ነው የምንወጣው። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሩ፣ የግንቡ ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፣ ዙሪያ አጥሩ 900 ሜትር ነው። እንግዳ ሲመጣ ይህን ሁሉ አነበንባለሁ። ማማዎቹ አናታቸው ላይ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው ብትጠይቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም። በአጥሩ ሥር በየቀኑ እያለፍኩ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁትም።

የመጀመሪያው ግንቤ የልደት ኬክ ይመስላል። ሁለተኛው እንደ ሰከረ ሰው አጋድሏል። ሦስተኛውን ለማሙሽ ባሳየው "ቤት ነው?" አለ። ጉዳዩ የገባኝ በአራተኛው ነው። ክብ ማማ ሥር ቆማችሁ ሽቅብ ስታዩት፣ የላይኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። እንደ ቅንድብ ወደ ላይ ይጎብጣል። ከዐይናችሁ ጋር እኩል የሆነው ብቻ ቀጥ ይላል። ከዐይን በታች ያለው ደግሞ ወደ ታች ይጎብጣል። እኔ ግን ሁሉንም በማስመሪያ ሳሰምር ከርሜያለሁ። ቤት ገብቼ በሻይ ብርጭቆ ሞከርኩት። ከፍ ሳደርገው፣ ዝቅ ሳደርገው፣ ጠርዙ ሲከፈትና ሲጨፈን አየሁ። እማዬ ከምድጃው ሆና "ብርጭቆው አልነጻም እንዴ?" አለችኝ። ስድስተኛው ግንብ ተሳካ። አራት ማዕዘን አካል፣ በየማዕዘኑ ክብ ማማ፣ በየማማው ላይ በግማሽ የተቆረጠ እንቁላል የመሰለ ጉልላት። ጎን ለጎን ሦስቱ ማማ ነው የሚታየው፤ አራተኛው ከኋላ ተደብቋል። ማሙሽ ይህን አልተቀበለኝም። አራት ከሆኑ አራት ይሳላሉ እንጂ!

ሰው መሳል ግን አልሆነልኝም። ፊት ለፊት ስስል አፍንጫው ድንች ይሆንብኛል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፦ ሰውን ሁሉ በጎን። በጎን አፍንጫ ቀላል ነው፣ አንድ መስመር ነው። እማዬን ቡና ስትቆላ በጎን ሳልኳትና ኮርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ አዙራ አየችው። ከዚያ "ምን በደልኩሽ?" አለችኝ። "ለምን እንደ ይሁዳ በአንድ ዐይን ሳልሽኝ?"

ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አሳሳል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ይሳላል። ሰይጣንና ከሓዲ በጎን፣ በአንድ ዐይን። ይህን የማያውቅ ልጅ ጎንደር ውስጥ የለም፤ እኔ ግን እጄን ለማሳረፍ ብዬ እናቴን ከእነ ይሁዳ ጋር ደመርኳት። በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ ጣሪያውን ሽቅብ ሳይ ቆየሁ። እነዚያ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ሁሉም ሁለት ዐይን አላቸው፤ ዐይናቸው ትልልቅ ነው፣ ወዲያና ወዲህ ያያል። አፍንጫውን እንዴት እንደሠሩት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ለካ ከቅንድቡ ነው የሚጀምሩት! ቅንድቡ ወርዶ ወርዶ አፍንጫ ይሆናል። አንድ መስመር ነው። ይህን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ አባት ዞር ብለው አዩኝ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። የ"ዐ" ካርዴ ላይ ያለው ዐይን የእማዬ ነው። ሁለቱም።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። "ጀ" መጀመሪያ ጀበና ነበር፤ ግንቦት ላይ ወደ ጀሪካን ተቀየረ። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ግንቦት ላይ ፈረቃው ዘለለ፣ ከዚያ ደግሞ ዘለለ፣ ቦቴ መጠበቅ ሆነ። ወረፋውን የሚይዘው ሰው አይደለም፣ ጀሪካን ነው። ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፤ ጀሪካኖቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ሁሉም ቢጫ ስለሆነ ሰው ምልክት ያስርበታል። የእኛው እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አለው። ከፊቱ ያለው በምስማር የተጫረ መስቀል ነበረው። ሌላው ክዳኑ የለም፣ በላስቲክ ተወትፏል። ደብተሬን አውጥቼ ሳልኳቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን፤ እንዲህ ቶሎ ያለቀ ወረፋ አይቼ አላውቅም።

እዚያ የተማርኩት ነገር ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። የጀሪካን እጀታ ቀጥታ ልሳለው ካላችሁ ይጠማዘዝባችኋል። እጀታውን ተዉት። በእጀታውና በአካሉ መካከል ያለውን ባዶ ሳሉ። ያ ባዶ የራሱ ቅርጽ አለው፣ እንደ ባቄላ ነገር ነው። እሱን በትክክል ካስቀመጣችሁት እጀታው ራሱ ይመጣል። ለጀበናም፣ ለወንበር እግርም፣ ለሲኒ ጆሮም ይሠራል። እኔ ወንበሩን (የ"ወ" ካርድ ነው) በዚህ ዘዴ በአንድ ምሽት ጨረስኩት።

ሌላው ፈተና ከእርሳስ ጋር አይገናኝም። ቃል አጣሁ። ኘ የሚጀምር ቃል ንገሩኝ እስቲ! ኸ የሚጀምርስ? ሳምንት ሙሉ መሥሪያ ቤት የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ። በመጨረሻ ጎረቤታችን የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ግዕዝ 26 ፊደል ነው ያለው" አሉኝ። "ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ለአማርኛ የተጨመሩ ናቸው። እነዚህ ሰባቱ እንግዶች ናቸው። እንግዳ ሁሉ ከፊት አይቀመጥም፤ ኘን ከኋላ ፈልጊው።" 26 እና 7፣ 33። ዕድሜ ልኬን ሀሁ ስል ይህን ደምሬው አላውቅም ነበር።

የኔታ ያሉት ሠራ። ዠ ቀለለ፦ ዥዋዥዌ። ለጸ ጸናጽል አገኘሁ፤ የዲያቆኑ እጅ ላይ እያየሁ ነው የሳልኩት። "የ" ላይ ተቸገርኩና ቅዱስ ያሬድን አሰብኩ። እሱ ገና አልተሳለም፤ ሰው ነው፣ አፍንጫ አለው፣ በዚያ ላይ የንጉሡ ጦር እግሩን ሲወጋው መታየት አለበት። ለኅዳር አስተላልፌዋለሁ። ኘን ያገኘሁት ደግሞ ሳልፈልገው ነው። ቦቴው ሲመጣ አንዲት ሴትዮ ከጥላው ተነሥታ ቀሚሷን እያራገፈች "ተረኛ እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። ተረኛ! እዚያው ሳልኳት። ወገቧን ይዛለች፣ ከኋላዋ ጀሪካኑ ተሰልፏል። ፊት ለፊት ናት፣ በሁለት ዐይኗ።

ያልተሳካውንም ልናገር። ጨ ጭላዳ ነው። ከፎቶ ሳልኩት። እህቴ አየችውና "ይህ ውሻ ፀጉር ቤት የት ነው የሚሄደው?" አለች። የፎቶ ነገር እንዲህ ነው፤ ቅጠሉም ፀጉሩም አንድ ላይ ተለጥፎ ይታያል፣ የቱ ከፊት እንደሆነ አይገባኝም። ጭላዳ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ስሜን ተራራ ነው። ልጅ ሳለን ትምህርት ቤት ወስዶን መንጋውን ሣር ሲነጭ አይተናል። ያኔ ዐይኔ ብስኩቴ ላይ ነበር። አሁን መንገዱ ሲመቸኝ አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ሄጄ፣ እነሱ ሣራቸውን ሲነጩ እኔም ቁጭ ብዬ መሳል እፈልጋለሁ። መቼ እንደሆነ ቀን አልቆረጥኩለትም። ዘንድሮ ቀን የቆረጥኩለት ነገር ሁሉ ሳይሆን ቀርቷል፤ ያልቆረጥኩለት ግን አንዳንዱ እየሆነ ነው።

የተቆረጠ ቀን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሙሽ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል። እስከዚያ ከያሬድ በቀር ሌላው እንዲያልቅ እሻለሁ። አለቃዬ 20 ኮፒ በነጻ ልታነሳልኝ ተስማምታለች፣ በጥቁርና ነጭ። የቀለም ኅትመቱ ዋጋ አይቀመስም፤ ልጆቹ ራሳቸው ይቅቡት። ለሰፈራችን ልጆች አዳርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ምናልባት ከ33ቱ ወደ 231ዱ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፣ ሁሉም ባለ ስዕል። ይህን ስናገር እማዬ "እስከዚያ ትዳሩስ?" ብላለች። መልስ አልሰጠሁም፣ ላጲስ ፈለግሁ።

ባለፈው እሑድ እህቴ ማሙሽን ይዛው መጣች። 21ዱን ካርድ ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁለት። ግንቡን አልፎት ሄደ፣ አሁንም ሦስት ማማ ነዋ። ባጃጁ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ጸናጽሉን ወደ ጆሮው አስጠጋው። ተረኛዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣቱ ከኋላዋ ያሉትን ጀሪካኖች ቆጠራቸው።

"የእኛ የቱ ነው?"

ቀይ ጨርቅ ያለውን አሳየሁት። ሰባተኛ ነው።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቢጫ ከለሩን አነሣና ከሴትዮዋ ፊት አንድ ጀሪካን ጨመረ። እጀታ የለውም። ቀይ ጨርቅ ግን አለው።