የድሮ ዘፈን በጃዝ ልሥራ ብዬ ያየሁት አበሳ

የመጀመሪያ አልበሜ ከታሰበው ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው የወጣው። ያዘገየው ድምፄ አይደለም። ገንዘብም አይደለም፣ እሱም ቢሆን እጥረት ነበር። ያዘገየው አንድ የድሮ ዘፈን ነው። ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ለአንቺ ለጀማሪዋ ዘፋኝ እኔ ልጻፈው።

ከዚያ በፊት ያለውን ቶሎ ልለፈው። እንደ ብዙዎቻችን ከኳየር ጀመርኩ። ቀጥሎ ሆቴል ገባሁ። እኔ የፈረንጅ ሶልና ጃዝ እዘፍናለሁ፣ እንግዳው ክትፎውን ይበላል። ክፍያ ይዘገያል፣ የመድረኩ ድምፅ ማጉያ ያፏጫል። ቢሆንም ለድምፅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም። አስቴር አወቀም አሜሪካ እንደገባች የዘፈነችው ዋሽንግተን ውስጥ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን የወጣላት አልበም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ «ሆቴል ድምፅሽን ያበላሸዋል» የሚሉሽን አትስሚ።

ዘፈኑን የመረጥኩት በትዝታ ቅኝት ስለሆነ ነው። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ጃዝ የተማረ ፒያኒስት ደግሞ እጁ የሚሮጠው ወደ እነዚያው ነው። የእኛው ልጅ ሲን በየኮርዱ ሲጨምር ዘፈኑ የሎቢ ሙዚቃ ሆኖ አረፈው። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ ካለው የበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመለስም የያዘው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የፈረንጁን አሥራ ሁለት ድምፅ እየተጠቀሙ አምስቱን እንዴት አለማጥፋት ይቻላል? እኛ ድምፄና ሳክስፎኑ ከአምስቱ እንዳይወጡ፣ ፒያኖው ከሥር ብቻ እንዲያጅብ ተስማማን። አማረ። በዚህ ሥራ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ዘፈኑ የሸክላ ዘመን ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ብቸኛውን የማሳተም ፈቃድ የያዘው የአገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ሰውየው ደፍሮ ስለገባበት ነው ያ ሁሉ ሙዚቃ የተረፈን። ነገር ግን እኔ እጅ በገባው ሸክላ ላይ ያለው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? የለም።

ሕጉ ግን ይጠይቃል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በ872/2007 ቢሻሻልም ይኼ አልተነካም። «ዘፋኙ ፈቅዶልኛል» አይበቃም፤ የደራሲውና የዘፋኙ መብት ለየብቻ ነው።

ይህንን ይዤ ለምዝገባ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳይል «የሕዝብ ዜማ ነው በይና ጨርሺው» አለኝ። የሕዝብ! ዜማውን ያወጣው ሰው ቤተሰብ እዚሁ ከተማ ይኖር ይሆናል እኮ። ሌላ ቀን ሌላዋ «የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ አምጪ» አለች። በክራር የወጣ ዜማ ምን ጽሑፍ አለው? ከዚያ ሲስተም የለም። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። የስቱዲዮ ቀብዴ በዚህ መሃል ተቃጠለ፤ ቀኑ አልፏል ተባልኩ። ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የፈታልኝ ቢሮ አይደለም። በዚያ ዘመን ትራምፔት ይነፉ የነበሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ቀረጻዬን በስልኬ አሰማኋቸው። ገና መግቢያው ላይ «ይኼማ የእገሌ ነው፣ ልምምድ ላይ ነበርኩ» ብለው የዜማውንም የግጥሙንም ባለቤት ነገሩኝ። አንድ ሰው ነበር፣ አርፏል። በማግስቱ ከሴት ልጁ ጋር አገናኙኝ።

እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ዘፈኑን ሰሙት። ዝም አሉ። ቀጥለው «አባቴ እንዲህ አያንቀራፍፈውም ነበር» አሉኝ። ስለ ዋጋ እናወራለን ብዬ ስሄድ ስለ ፍጥነቱ ተከራከርን። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ስቱዲዮ ሄደን ትንሽ ስናፈጥነው ግን ቤዙ ራሱ ተነሳ። ስለ ዋጋውም ቢሆን ቀላል ሴት አልነበሩም፤ ደግ አደረጉ።

ወንድማቸው ውጭ አገር ነው። ከኤምባሲ ውክልና ይላክ፣ እዚህ ይረጋገጥ፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ። ይህ ረጅም ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ፍርድ ቤቱን ግን አትዝለዪው፤ «እኔ ነኝ ወራሹ» የሚል ሌላ ሰው ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ነው የሚመጣው።

ምክሬ ከቢሮው ምክር ይለያል። መጀመሪያ የድሮ ሙዚቀኛ ፈልጊ፣ ቢሮ መጨረሻ ላይ ሂጂ። የሕግ ጥበቃው ከምዝገባ አይጀምርም፣ ሥራው ሲፈጠር ነው የሚጀምረው። ምዝገባ ማስረጃ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን እሱን እየጠበቅሽ አትቁሚ። ፈቃዱ ግን የግድ በጽሑፍ ይሁን፤ ለኦንላይን፣ ለመድረክ፣ ለፊልም ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ። «ይባርክሽ፣ ሥሪው» ፈቃድ አይደለም።

ጠበቃው «ለዘላለም ግዢው» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ለዚህ ቀረጻ ብቻ ተዋዋልን። የግጥምና የዜማ ሰው በዚህ አገር አንዴ ተከፍሎት የሚረሳ ነው፣ እኔም ያንኑ ልድገመው? «ዝም ብለሽ ዩቲዩብ ላይ ልቀቂው፣ ከመጡ ያኔ ትነጋገሪያለሽ» ያሉኝ ጓደኞችም ነበሩ። እነሱ እንደዚያ ይሠራሉ። ይሥሩ።

ከፊርማው በኋላ ሚክሲንጉም ማስተሪንጉም ሳይንገጫገጭ አለቀ። አልበሙ ወጣ፣ ዘፈኑም ተወደደ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ባለፈው ስደውል «ፋይልሽ በሂደት ላይ ነው» አለኝ።