«ፒዲኤፉ እኮ ወጣ!»

ይቺን ዓረፍተ ነገር አሁንም ስሰማት ደሜ ይፈላል።

ማኑዋላችን የተጻፈው በዶክቡክ 5 ነው፤ ዶክቡክ ቴክኒካዊ ሰነድ በኤክስኤምኤል ምልክቶች የሚጻፍበት ስታንዳርድ ነው። ጸሐፊዎቹ ኤክስኤምኤሉን ያስገባሉ፣ ሰርቨሩ ፒዲኤፍ ያወጣል። ሰርቨሩ ሲቀየር የሚጫኑትን ፓኬጆች ጽፌ ለሲስተም አድሚናችን ሰጠሁት። አጭር ዝርዝር ነበር። ለማረጋገጫ ጂንግ፣ ለመቀየር ኤክስኤስኤልቲፕሮክ፣ ለፒዲኤፍ ፎፕ፣ ስታይልሺቶቹን (ሰነዱ እንዴት እንደሚቀየር የሚናገሩትን የደንብ ፋይሎች) ለማግኘት ደግሞ ዶክቡክ-ኤክስኤስኤል-ኤንኤስ። ሁሉንም ጫነ፤ የመጨረሻው ላይ ግን «ኤንኤስ» የምትለዋን ጥሎ ዶክቡክ-ኤክስኤስኤልን አስገባ።

ከዚያ ማኑዋሉ ወጣ። ተጠቃሚዎች ጋ ደረሰ። «በሥዕል 4 እንደሚታየው ገመዱን ይሰኩ» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ ባዶ ቦታ ነው። ሥዕል 4 የለም። ሥዕል 5ም የለም። መሣሪያውን ሊገጥም መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ያንን ገጽ ገልጦ ምን ያድርግ?

አድሚኑ ጋ ሄድኩ።

«ኤንኤስ ያለውን ነበር የጠየቅኩህ» አልኩት።

«ያው አይደል እንዴ? ዶክቡክ ዶክቡክ ነው።»

«አይደለም ወንድሜ፤ ሰነዳችን 5 ነው።»

«ፒዲኤፉ እኮ ወጣ! ስህተት ቢኖር መቼ ይወጣ ነበር?»

ጥያቄዬን «ችግር የለም» ብሎ ዘግቶት ነበር። ያናደደኝ ፓኬጁን መሳሳቱ አይደለም። እነዚህን ስሞች ማንም ቢያምታታቸው አይፈረድበትም። ያናደደኝ ፋይል ስለወጣ ብቻ ሥራው አልቋል ማለቱ ነው። ፎፕ ሥዕል ሲያጣ ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ይጽፍና ሥራውን ይቀጥላል። ፒዲኤፍ መውጣቱ ማኑዋሉ ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሎጉን አብረን ከፈትነው። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ ገና ሲጀምር ሁለት ነገር ተናግሯል። አንደኛው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኔምስፔሱን፣ ማለትም የሰነዱ ምልክቶች የማን እንደሆኑ የሚለየውን መለያ፣ ቆርጦ እንደጣለ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሰነዱን መነሻ አድራሻ መመዝገብ ስላልቻለ አንጻራዊ የፋይል አድራሻዎች (ከሰነዱ ቦታ ተነስተው የሚቆጠሩት) ላይሠሩ ይችላሉ ይላል። የእኛ ሥዕሎች በሙሉ የተጠሩት በአንጻራዊ አድራሻ ነው። መልሱ ከመጀመሪያው እዚያው ተጽፎ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ዶክቡክ 4 ድረስ ሰነዱ ኔምስፔስ የለውም። በ2009 እ.ኤ.አ. ኦኤሲስ የተባለው የስታንዳርድ ድርጅት ያጸደቀው 5.0 ግን እያንዳንዱን ኤለመንት (የሰነዱን ክፍል) በኔምስፔስ ውስጥ አስገባው። ስታይልሺቶቹ ለተጻፉበት ቋንቋ ለኤክስኤስኤልቲ፣ ኔምስፔስ ያለው «ቻፕተር» እና የሌለው «ቻፕተር» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ለአንዱ የተጻፈ ደንብ ሌላውን አያየውም። ስታይልሺቶቹ በሁለት ወገን የሚዘጋጁት በዚህ ምክንያት ነው። ኔምስፔስ የማያውቀው ወገን የ5 ሰነድ ሲመጣበት እምቢ አይልም። ኔምስፔሱን ገፍፎ ጊዜያዊ ቅጂ ይሠራል፣ ከዚያ እሱን እንደ አሮጌ ሰነድ ያስኬደዋል። ያ ቅጂ ግን ከየትኛው ፋይል እንደመጣ አያውቅም። በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ለእኔ ከእምቢታ የከፋ ነው። እምቢ ቢል ኖሮ ያን ቀን እዚያው እናውቅ ነበር።

ኤንኤስ ያለው ተጫነ፤ ሥዕሎቹም ተመለሱ። አድሚኑ ይቅርታ አልጠየቀም። «ስሙን ግልጽ አድርገው ቢጠሩት ምን ነበረበት?» አለ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እንዲያውም ከዚያ የባሰ ነገር አለ። የስታይልሺቶቹ አዘጋጆች ቨርዥን 1.79.2 ላይ ስያሜውን ገልብጠውታል። እዚያ «ዶክቡክ-ኤክስኤስኤል» የሚባለው ኔምስፔስ ያለው ነው፤ የሌለው ደግሞ «ኖኤንኤስ» የሚል ቅጥያ ተሰጠው። ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ዓይነት ግን የድሮውን አጠራር ይዞ ቀጥሏል። ስለዚህ «ኤንኤስ ያለውን ጫን» የሚለው ምክሬ አንዱ ማሽን ላይ ትክክል ሆኖ ሌላው ላይ ሰው ያሳስታል። የፓኬጅ ስም እየሸመደዱ መምረጥ አያዋጣም። መጀመሪያ የሰነዱን የላይኛውን መስመር ማየት፣ ኔምስፔስና የቨርዥን ቁጥር እንዳለው ማረጋገጥ፣ ከዚያ ለእሱ የተጻፈውን ስታይልሺት መፈለግ ነው።

አሁን ስክሪፕታችን ስታይልሺቱን የሚጠራው በፓኬጅ ስም ወይም በፎልደር አይደለም። «ኤክስኤስኤል-ኤንኤስ» የሚለው ሙሉ ዩአርኤል ተጽፏል፤ የኤክስኤምኤል ካታሎጉ ማሽኑ ላይ ወዳለው ፋይል ይመራዋል። «ኖኔት» የሚለውን አማራጭም ጨምረናል። ካታሎጉ ከጎደለ ኢንተርኔት ላይ ፍለጋ ሳይወጣ እዚያው ይቆማል። ኔምስፔስ ተቆረጠ የሚል መስመር ሎጉ ላይ ከታየ፣ ወይም ፎፕ አንድ ሥዕል እንኳ ካጣ፣ ፒዲኤፉ አይለቀቅም።

ይህን የመጨረሻውን አድሚኑ እስከ ዛሬ አልወደደውም። ለአንዲት ሥዕል ተብሎ ሙሉ ማኑዋል ይታገዳል ወይ ይለኛል። አዎ፣ ይታገዳል።