እሱ አብዬ፣ እኔ ቢሾፍቱ

ባለቤቴ ለአብዬ ሰላም ማስከበር ግዳጅ ስሙ መውጣቱ የተሰማ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ በራችንን አንኳኳ። ጊዜው የ2004 ዓ.ም. ክረምት ነበር። አንዷማ ቡና አፍልታ ጠራችኝና «እንግዲህ አንቺም ከዕድለኞቹ ተርታ ገባሽ» አለችኝ። ቢሾፍቱ የወታደር ከተማ ናት። አየር ኃይሉ እዚሁ ነው፤ እግረኛውም ቤተሰቡን እዚህ አስቀምጦ ወደታዘዘበት ይሄዳል። ስለዚህ ሰላም ማስከበር ምን እንደሆነ ለሰፈራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንድ ዓመት ነው፣ በዶላር ነው፣ ውጊያ የለበትም ይባላል። ባሏን ጦር ሜዳ የላከች ሴት ብትከፋ ሰው ይገባዋል። ባሏ ሰላም አስከባሪ የሆነ ሴት ስትከፋ ግን «ጥጋብ ነው» ትባላለች።

አብዬ ሱዳንም ደቡብ ሱዳንም የእኔ ናት የሚሏት መሬት ናት። የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1990 ለአብዬ የሚሆን ኃይል ሲያቋቁም እስከ 4200 ወታደር ፈቀደ፤ የዘመተውም ከሞላ ጎደል የእኛው ሠራዊት ነበር። ኃይሉ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ማቦክ በሚባል ቦታ ተሽከርካሪ ፈንጂ ላይ ወጥቶ አራት ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ባለቤቴ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሁለቱን ነገር አያይዤ ማሰብ የጀመርኩት የጎረቤቴን ቡና እየጠጣሁ ነው፤ ግን ምን ይባላል? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ሦስተኛውን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እሱ ከመሄዱ በፊት ሁርሶ ማሠልጠኛ ገብቶ ሠለጠነ። ስለ ፈንጂ፣ ስለ ወባ፣ ስለ አገሩ ሕዝብ ልማድ ተማረ። ለእኔ ግን ይህ ዓመት ቤት ውስጥ ምን ይዞ እንደሚመጣ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የነገረኝ አካል አልነበረም። ሦስት ልጆች፣ የማስተምርበት የአንደኛ ደረጃ ክፍልና ልጇን ለመሰናበት ከጎጃም መጥታ እኛው ዘንድ የቀረች አማቴ፤ እነዚህን ይዤ ቀረሁ። አማቴን እማማ ነው የምላት፤ መቅረቷም በኋላ እንደታየው በረከት ነበር።

ገንዘቡን ላንሣ፤ ሰው ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነውና። በዚያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአንድ ወታደር የሚከፍለው መሠረታዊ ሂሳብ በወር 1028 ዶላር ነበር። የሚከፈለው ግን ወታደሩን ላዋጣው መንግሥት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለወታደሩ ስንት እንደሚደርሰው የሚወስነውም መንግሥቱ ነው። ድርጅቱ በቀጥታ ለወታደሩ የሚሰጠው የቀን አበል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነበር። ይህን የሚያውቅ ዘመድ አልነበረኝም። የባለቤቴ የአጎት ልጅ አንድ እሑድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ 1028ን በ12 አባዝቶ፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሮ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የባጃጅ ቀብድ እንድናበድረው ነው። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እማማ ከጓዳ ብቅ አለችና «እኔ የላክሁት ልጄን ነው፤ ባንክ አልላክሁም» አለችው። ወረቀቱን ሳያጥፈው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዘመዶች ሲመጡ እሷን ወደ ፊት ማስቀደም ለመድኩ።

ደመወዙ ግን እጃችን ገባ፤ ለእኛ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ከግቢያችን ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ለመሥራት ተስማምተን ነበር የሄደው። ለባንኩ ውክልና ሰጥቶኛል፤ ይዞታው በስሙ መሆኑን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። የግንባታ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ፣ የውክልና ወረቀቴ ገንዘብ ማውጣትን እንጂ ይዞታን አይጠቅስም ተባልኩ። ባልሽ የት ነው? አብዬ። ታዲያ እዚያ ካለው ኤምባሲ ያስጽፍ! አብዬ ኤምባሲ የለም፤ ቅርቡ ካርቱም ወይም ጁባ ነበር፤ ወታደር ደግሞ ወረቀት ላስጽፍ ብሎ ከጦሩ ተለይቶ አይሄድም። ለዕረፍት እስኪመጣ ድረስ የተቆፈረው መሠረት ውኃ ሲያቁር ከረመ። ባልዋ ግዳጅ የሚሄድ ሁሉ ውልና ማስረጃ ስትሄድ ውክልናው ላይ «ማስተዳደር፣ መገንባት፣ ማከራየት፣ በፍርድ ቤት መከራከር» የሚሉት ሁሉ መጻፋቸውን ቆማ ታንብብ። ጸሐፊው ቢቸኩልም ትቁም።

ከጎረቤቶቻችን አንዲት አሮጊት አሉ፤ ባላቸው የኮንጎ ዘማች ነበሩ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጠቅል ብርጌድ ጋር የሄዱ። ስልክ ስጠብቅ ሲያዩኝ ይገርማቸው ነበር። «እናንተስ ድምፅ ትሰማላችሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ ደብዳቤ ሲመጣልኝ የሚያነብልኝ ሰው እፈልግ ነበር። አንድ የቄስ ተማሪ ነው የሚያነብልኝ። ክፉ ክፉውን ይዘልለው ነበር መሰለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ደግ ደጉን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ይህን ከነገሩኝ በኋላ የእኔና የባለቤቴን የስልክ ወሬ ማዳመጥ ጀመርኩ። መስመር የሚገኘው ማታ ነው፤ ሲገኝም ይቆራረጣል። «ደህና ነን፤ ሙቀቱ ነው እንጂ ሰላም ነው» ይላል። እኔም «ደህና ነን፤ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው» እላለሁ። ወባ ይዞት ተኝቶ እንደነበር አልነገረኝም። ትልቁ ልጃችን ትምህርት ቤት ተደባድቦ ወላጅ አምጣ መባሉን፣ ሴቷ ልጃችን ሰኞ ሰኞ ሆዴን እያለች መታጠፏን እኔ አልነገርኩትም። ክፉውን የሚዘልል የቄስ ተማሪ አላስፈለገንም፤ ራሳችን ዘለልነው። ደግሞስ ምን እንዲያደርግ ነው የምነግረው? ጭቃ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ ሐሳቡን ቤት ላይ ጥሎ መሪ ቢይዝ ለማን ይበጃል?

የሴቷ ልጅ ሆድ ብዙ አንከራተተን። ሰገራ ተመረመረ፣ የትል መድኃኒት ተሰጣት፣ እማማ ጸበል ወሰደቻት። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ካርዱን አገላብጣ አየችና፣ «አባቷ የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እሑድ ይደውላል?» አዎን፣ ብዙ ጊዜ እሑድ ነው የሚደውለው። ልጅቷ እሑድ ማታ ድምፁን ትሰማለች፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሰኞ ጠዋት ሆዷን ያማታል። ነርሷ መድኃኒት አልጻፈችም። አባቷ ሲደውል መጀመሪያ ከእሷ ጋር እንዲያወራ፣ የሚያወራትም ነገር መጨረሻ ያለው እንዲሆን ነገረችኝ። ስለዚህ አጫጭር ተረት ይነግራት ጀመር፤ የጦጣና የቀበሮ፣ አንዳንዴም እዚያው የፈጠረው። ሆዷ ሙሉ በሙሉ አልተወትም፤ ግን ቀለል አላት።

አሁን ወደ 2005 ዓ.ም. ፋሲካ ልምጣ። በዓሉ ሚያዝያ 27 ነበር። በዋዜማው፣ ቅዳም ሥዑር፣ እኔ ዶሮ እየበለትኩ፣ እማማ ሽንኩርቱን እያቁላላች፣ ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ቄጤማ ራሳቸው ላይ አስረው ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ፣ አብዬ ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። የአብዬ ነዋሪ የሆነው የዲንካ ንጎክ ጎሳ የበላይ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በሰላም አስከባሪው ኃይል ታጅበው ሲጓዙ፣ ከሱዳን በኩል የሚመጡት የሚሴሪያ ዘላኖች ታጣቂዎች አጀቡን አስቁመው እሳቸውንና አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ገደሉ። የቆሰሉም ነበሩ። ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው በማግሥቱ፣ ጾም ተፈትቶ እንግዳ ቤት ሞልቶ ሳለ ነው። የባለቤቴ ባልደረባ ሚስት ደወለች። እንኳን አደረሰሽ አላለችም። «ሰምተሻል?» አለች።

ስም አልተነገረም ነበር። ስልኩን ሞከርኩ፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ የሆነ ነገር ትነግረኛለች። እንደገና ሞከርኩ፤ ያችው ሴት። ሳሎን ውስጥ እንግዶች «ኧረ እመቤቲቱ፣ ነይ ተቀመጪ» ይላሉ። ወጥ ጨመርኩ፤ ጠላ ቀዳሁ፤ የእማማን ፊት ላለማየት ወደ መሬት እያየሁ ነው የምመላለሰው። ጓዳ ገብቼ ለሌላዋ ደወልኩ፤ እሷም አልሰማችም። እሷ ለሌላዋ ደወለች። በዚያ ፋሲካ ስንት ሴት ጓዳዋ ውስጥ ቆማ ስልክ ትነካካ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው። ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ የእኔን አታድርገው። አንድ ሰው ሞቷል፣ ወታደሩ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ስለዚህ ጸሎቴ ወደ ሌላዋ ቤት እንዲሄድ ነው የምለምነው። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ የመለሱልኝን ለራሴ ላስቀረው።

ሰኞ ማታ ደወለ። «ደህና ነኝ፤ የእኛ ሻምበል አልነበረም» አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔም «እንኳን አደረሰህ» አልኩት። እማማ ስልኩን ተቀብላኝ ድምፁን ሰማች፤ ከዚያ ሳትናገር መልሳ ሰጠችኝና ሄዳ ተኛች፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

የተመለሰው በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሽቶ፣ ለእማማ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ሰፈሩ እንደገና እንኳን ደስ አላችሁ አለን። ሲሄድ የሚድኸው ትንሹ ልጃችን ከቀሚሴ ኋላ ተደብቆ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ማታ ግን አልሳቀም።

በእንቁጣጣሽ ዶሮ ሠርቼ ሳወጣ፣ እጄ ለምዶ ኖሮ ፈረሰኛውን ለትልቁ ልጄ አደረግሁለት። አባቱ በሌለበት ገናም ፋሲካም የበላው እሱ ነበር፤ የግቢውን በር ማታ የሚቆልፈው፣ ሰው ሲያንኳኳ በወፍራም ድምፅ «ማነው?» የሚለው፣ ለእማማ መድኃኒት የሚገዛውም እሱ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ! ልጁ ቀና ብሎ አባቱን አየ። ባለቤቴ «ብላ፤ ያንተ ነው» አለው፤ ከልቡ ነበር። ልጁ ግን ሥጋውን አልነካውም። አባቱም አላነሣውም። ፈረሰኛው እንጀራው ላይ እንደተቀመጠ ማዕዱ ተነሣ፤ ያን የመሰለ ዶሮ! በመጨረሻ እማማ «እኔ ልብላው እንግዲህ፤ ሁለታችሁንም ያሳደግሁ እኔ ነኝ» ብላ በላችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከመለየቱ ይልቅ ይከብዱ ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ግቢውን ይጠርጋል፣ አልጋውን ወጥሮ ያነጥፋል፣ ልጆቹ አንድ ደቂቃ ሲዘገዩ ድምፁ ይከርራል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ተነሥቶ ይቀመጣል። ስለ አብዬ ስጠይቀው «ጭቃ ነው» ይላል። እኔም የእኔን ዓመት ሲጠይቀኝ «ያው ነው» እላለሁ። ክፉውን ስንዘልል የከረምን ሰዎች ነንና ወደ እኔ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ስትጠብቀው የቆየችው ማን እንደሆነች እሱ አያውቅም። ማን ፈቅዶልሽ ነው ይህን የሸጥሽው፣ ማን ፈቅዶልሽ ነው ልጁን ትምህርት ቤት የቀየርሽው ይለኛል። እኔ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅን ረስቼዋለሁ፤ ማንን እጠይቅ ነበር?

ነገሩ የላላው በማስታረቅ አልነበረም፤ ሽማግሌም አልተቀመጠም። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ሳሎን ተኮልኩለን ሳለ ሴቷ ልጃችን፣ «አባዬ፣ በስልክ ያልጨረስካት የጦጣዋ ተረት አለች» አለችው። መስመሩ የተቋረጠባት ተረት ናት፤ ልጅቷ ይዛዋለች። ባለቤቴ የት እንደደረሰ አያስታውስም፤ እሷ ነገረችው። ተረቷን ሲቀጥል፣ ያን ዕለት መስመሩ ለምን እንደተቋረጠ ለትልቁ ልጅ አብሮ ነገረው፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ መሽቶባቸው፣ መንገዱ ፈንጂ ይኑርበት አይኑርበት ሳይታወቅ ቁጭ ብለው ማደራቸውን። እኔ ይህን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከዚያ እኔም የፋሲካውን ጓዳ ነገርኩት፤ የዐረብኛዋን ሴት፣ ጸሎቴን ሳይቀር። ጨለማ ስለነበረ ፊቱን አላየሁም፤ ለሁለታችንም ደግ ነበር።

ከኢትዮጵያ ጦር ውጭ ሌላ አብዬን ይጠብቃታል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር ጦር እየተካቸው መመለስ ሲጀምሩ ባለቤቴ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ሰርቪሱ ዛሬ ተከራይቷል፤ በኪራዩ ሴቷን ልጅ ዩኒቨርሲቲ እያስተማርንበት ነው። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ «አብዬ የሠራችው ቤት» እያለ ያስጎበኛል። ግንበኛውን በየቀኑ ያቆምኩት፣ ሲሚንቶ የተሰረቀ ቀን ደጁ ድረስ ሄጄ የጮህኩት፣ ለፈቃዱ ወረቀት ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እማማም ነፍሷን ይማረውና፣ እስክትሞት ድረስ ከእኔ ጋር ነበረች።