ድንኳኑ ለማን ነው?

ባለቤቴ የደሴ ልጅ ነው። ደሴን ሳይረግጡ በአውሮፕላን ላሊበላ ላይ ዱብ ማለት ለእሱ ወሎ ገባሁ አያሰኝም፤ እስካሁንም ያነሣብኛል። እኔ ደግሞ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች ይዤ ከጣርማ በር እስከ ጋሸና በመኪና አልንገላታም ብዬ ቁርጤን ነገርኩት። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትንሹ እሱም ላይ አስታወከ።

ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏል፤ ልጆች በየደጁ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ እንደሚወዱ ካልሆነ በቀር የምጨምረው የለኝም። እኛ የመጣነው ለተራራው ነው። ከከተማው በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ፤ ጫፉ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከልጆች ጋር ጫፉ የማይታሰብ ነው። ሐሳባችን አሸተን ማርያምን ተሳልመን፣ ከዚያ በላይ ሁዳድ በሚባለው ሜዳ ላይ በድንኳን አድረን መመለስ ነበር።

ሁለት በቅሎ ተከራየን፣ አንዷን ለልጆቹ አንዷን ለጓዛችን። ለእያንዳንዷ 1,200 ብር ሲሉን በ900 ተስማማን። ባለ በቅሎው ትሑት ሰው ይመስል ነበር። ይመስል ነበር ነው ያልኩት፤ እመለስበታለሁ።

አሸተን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃል ይላሉ። እኛ ረፋዱን ሙሉ ፈጀንበት። ትንሹ መጀመሪያ በቅሎ ላይ አልወጣም አለ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ አልወርድም አለ። ትልቋ ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ የኔ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ወደ ላሊበላ ገበያ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው፤ አንዱም ልጆቹን ሳይነካ አያልፍም። ጉንጫቸውን ይስማሉ፣ ፀጉራቸውን ይዳብሳሉ፣ የማን ልጅ ናችሁ ይላሉ። አንዷ ሴት የተሸከመችውን አውርዳ ከቋጠረችው ቆሎ ዘግና ሰጠቻቸው። እኔ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆቼን ለጎረቤት ለደቂቃ እንኳ የማላምን ሴት ነኝ። ሳኒታይዘሬን ፈልጌ እስካወጣ ቆሎው አልቋል።

አሸተን ማርያም ከዓለት የተፈለፈለች ናት፤ በንጉሥ ላሊበላ ተጀምራ በነአኩቶ ለአብ ዘመን እንደተፈጸመች ይነገራል። ቄሱ መስቀሉንና የብራናውን መጽሐፍ አውጥተው አሳዩን። ልጄ “ይህ ሁሉ በእጅ ነው የተጻፈው?” አለቻቸው። “በእጅ ነው እንጂ፣ ያውም ሳይደለዝ” አሉ። አንድ መስመር ጽፋ ግማሽ ላጲስ የምትጨርስ ልጅ ናት፤ ዝም አለች።

ከአሸተን እስከ ሁዳድ ያለውን አቀበት አልተርከውም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ሜዳው ላይ ገብሱ ደርሷል። ከገደሉ አፍ የጭላዳ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ከቦታ ቦታ ሲሄዱም ሳይነሡ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ነው፤ ልጆቹ ይህን አይተው በሣቅ ፈነዱ። ጭላዳ ማታ ገደሉ ውስጥ ያድራል፣ ቀን ሣር ይግጣል፣ ገብስ ሲደርስ ግን ሣሩን ይረሳዋል። ስለዚህ በየእርሻው ጠርዝ ጠባቂ ልጅ አለ። እኛ ያገኘነው ልጅ ከኔዋ ብዙም አይበልጥም። ወንጭፉን አንዱን ጫፍ ጣቱ ላይ ያጠልቃል፣ ድንጋዩን መሐል ላይ ካለው ሰፋ ያለ መያዣ ያስቀምጣል፣ ከራሱ በላይ አሽከርክሮ ሌላውን ጫፍ ይለቀዋል። ድንጋዩ ከጭላዳው ክንድ በማይሞላ ርቀት መሬቱን ይመታል። “ለምን አትመታውም?” አለችው ልጄ። “ለምን እመታዋለሁ? ይሂድልኝ እንጂ” አላት። ሙዝ ካልላጥኩላት የማትበላው ልጄ ከሰዓቱን ሙሉ ስትወነጭፍ ዋለች፤ አባቷ ራስ ላይ ለጥቂት ነው የሳተችው። በመጨረሻ የልጁን ትርፍ ወንጭፍ በከለር እርሳስ ለወጠች።

ቀይ ቀበሮም ለማየት ጓጉተን ነበር። አልታየም።

ድንኳኑን አንድ ገበሬ አስፈቅደን ከግቢው አጠገብ ተከልን። ገና ካስማውን ሳንጨርስ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። “ማን ነው ያረፈው?” አሉ። ባለቤቴ ማንም እንዳልሞተ፣ ልንዝናና እንደመጣንና እዚሁ እንደምናድር አስረዳቸው። ባልቴቷ ድንኳኑን አዩ፣ የገበሬውን የድንጋይ ቤት አዩ፣ “ቤት እያለ?” አሉ። መልስ አልነበረንም።

ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለምን እንደሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። አጥንት ቀርቶ ትኩስ ነገርም አልነበረንም፤ ምድጃችን በነፋሱ አልያዝ ስላለ በሶ በጥብጠን ጠጣን። የተከራየናቸው የመኝታ ከረጢቶች ዚፓቸው አይዘጋም፤ አከራዩ “በረዶ ላይ ያስተኛሉ” ብሎ ምሎልን ነበር። ባለቤቴ “አብሽሪ፣ ይሞቃል” እያለ ተኛ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ትንሹ ለቅሶውን አቀለጠው። ጋቢውን ደረብኩለት፣ ሹራቤን አውልቄ እግሩን ጠቀለልኩለት፣ ጭራሽ ባሰበት። በዚህ መሐል የገበሬው ሚስት ኩራዝ ይዛ መጣችና “ልጁን ስጪኝ” አለች። ፈቃድ የምትጠይቅ አትመስልም። ተከትያት ገባሁ። ምድጃው አጠገብ አጎዛ ላይ አስተኝታ፣ እግሩን በመዳፏ ትንሽ አሸችው፤ ወዲያው ድምፁ ጠፋ። ተመልሼ ትልቋን አመጣኋት። እሷም ሳትነቃ ከአንድ የፍየል ግልገል አጠገብ ተጋደመች። ሳኒታይዘሬ ድንኳን ውስጥ ቀርቷል።

እኔ ግን ዓይኔን አልከደንኩም። ቁንጫው ከሦስታችን እኔን ብቻ መረጠ። ጧት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ጋግሯል፤ ባለቤቴ ከውስጡ እየተንጠራራ “አየሩ እኮ ልዩ ነው!” እያለ ወጣ። ያን ጊዜ ብወነጭፍ አልስትም ነበር።

ለሴትየዋ 500 ብር ብንሰጣት ተቆጣች። ስንለምናት ዓይኗን ባዶው የሁለት ሊትር ሃይላንድ ላይ ጣለች፤ ክዳኑ መኖሩን አረጋግጣ እሱን ወሰደች። ለልጆቹ ትኩስ ወተት ሰጠችን።

ቁልቁለቱ ለልጆቹ ጨዋታ፣ ለኔ ጉልበት ስቃይ ሆነ። ታች ስንደርስ ያ ትሑት ባለ በቅሎ 900 ብሩ የመውጫ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። መውረጃውና ማደሪያው ለብቻ ነው። ስንስማማ ደርሶ መልስ አላልንም ወይ ብዬ ጮኽኩ። “እኅቴ፣ እንግዲህ በቅሎዎቹ እዚያው ይቅሩ ነበር?” አለኝ፣ በጣም በትሕትና። በይሉኝታ የታሰረው ባለቤቴ ተራራውን እንደ አዲስ ይመለከታል። ተከራክሬ ለሁለቱ 1,000 ብር ጨመርኩ። ሃምሳ ብር ለጉርሻ ብሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ ሳቄ መጣና ሰጠሁት።

አየር ማረፊያው ላይ ፈታሹ ከልጄ ቦርሳ ወንጭፉን መዝዞ አወጣ። “ይቺ እኮ መሣሪያ ናት” አላት። ልጄ ለጭላዳ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም እንደማትመታው አስረዳችው። ሰውየው የዚያው አገር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ጣቱ ላይ አጥልቆ ርዝመቱን ለካ፣ “ላንቺ ረዝሟል፣ አባትሽ ያሳጥርልሽ” አለና ከሻንጣ ጋር እንድትጭነው ነገራት። ሻንጣችን አስቀድሞ ስለሄደ፣ ወንጭፉ ብቻውን በፌስታል ታስሮ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ተጫነ። የኔን ቦርሳ ሲፈትሹ ደግሞ ያ ሁሉ ድንጋይ ወጣ።