የፔጆዬ ሚኒሞ በመጨረሻ ያዘ

ወዳጆች፣ ሰላም ናችሁ? የኔ ፔጆ 404 ሚኒሞ ያዘች፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት በዝግታ መሥራት ቻለች! ሐረር ሸዋ በር ላይ መንገድ ሲዘጋጋ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አንስቼ ቁጭ እላለሁ። ሞተሩ አይጠፋም። አሮጌ ፔጆ የነዳ ሰው ደስታዬ ይገባዋል።

መኪናዋን የገዛሁት የታክሲ ሥራ ከተወ ሰው ነው። ባጃጅ ገበያውን ሲወስድበት ግቢው ውስጥ አቁሟት ነበር። የፍሬን ሸራ፣ የራዲያተር ጎማዎች፣ ካንዴላና ፑንቲና (ለካንዴላው እሳት የሚያቋርጠውንና የሚያገናኘውን ዕቃ) ቀየርኩ። ግራሶ መስጫዎቹን አንድ በአንድ እያጸዳሁ ሞላሁ። ይኼ ገንዘብና ትዕግሥት ካለ ያልቃል። ፑንቲና ማስተካከሉን ግን አሁንም ለባለሙያ ነው የምሰጠው፤ ጆሮዬ ገና አልሠለጠነም።

ልቤን ያደረቀው ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው። ጠዋት ደህና ትነሣለች። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ድርግም። የሚኒሞውን ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) ባጠብቅም ባላላም ለውጥ የለም። ጋራዥ የጠየቅኩት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ይኼን ጥለህ የጃፓን ካርቡራተር ግጠምበት።» እኔ በዚህ አልስማማም። ሶሌክሱ (መኪናዋ ይዛው የመጣችው ካርቡራተር) የተሠራው ለዚህ ሞተር ነው። ሌላ ሲገጠም የጋዙ ገመድና ዘንግ ይቀየራል፣ መቀመጫው ይበሳል፣ ነዳጁም ልክ አይመጣም። ሐረር ብዙ ፔጆ የተበላሸው እንዲህ ባለ ጥገና ነው።

ችግሩን ያገኘሁት በዘይት ነው። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ዘንግ ከካርቡራተሩ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ አደረግኩ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ተመጠጠ፣ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ተረጋጋ። አየር በዚያ በኩል ይገባ ነበር ማለት ነው። ዘንጉ ለዓመታት ሲዞር ቀዳዳውን አስፍቶታል። በዚያ የሚገባው አየር ነዳጁን ያሳሳዋል፤ ቪቴው ደግሞ ይኼን አየር አይቆጣጠረውም። (ይኼን ሙከራ በቤንዚን የሚያደርጉ አሉ። አታድርጉት፣ እሳት ነው።)

ዕቃውን ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) የሚያውቁ እጆች ያሉት እዚያ ነው፤ ብዙዎቹ ሙያውን የቀሰሙት ከምድር ባቡር ጋራዥ ነው። አንድ አዛውንት ዘንጉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ነቅነቅ አደረጉት። «አቦ፣ ዕቃው አልሞተም፤ ቀዳዳው ነው የሰፋው» አሉኝ።

አሠራራቸውን በደንብ ተከታተልኩ። አየሩን የምትከፍተውንና የምትዘጋውን ክቧን ሳህን ዘንጉ ላይ የያዙት ሁለቱ ትንንሽ ቪቴዎች እንዳይወጡ ጫፋቸው ተቀጥቅጧል። እሳቸው መጀመሪያ ያንን ጫፍ በሞረድ አነሡት። በጉልበት ቢፈቱት ቪቴው ዘንጉ ውስጥ ይሰበራል። ሳህኗ ጠርዟ ሰያፍ ስለሆነ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደነበር ምልክት አደረጉባት። ከዚያ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአንድ መስመር አስፍተው የነሐስ ቡሽ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ከተቱ። መስመሩ ትንሽ ከሳተ ዘንጉ ይነክሳል። አዲሱን ዘንግ ካስገቡ በኋላ ሳህኗን ዘግተው ወደ ብርሃን አነሡት። በጠርዟ ዙሪያ ብርሃን እስኪጠፋ እየነካኩ አስተካከሉ፣ ከዚያ አጠበቁ። አዲሶቹን ቪቴዎችም ቀጠቀጧቸው፤ ቢፈቱ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚወድቁት።

እኔ ደግሞ የካርቡራተሩን እግር፣ ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበትን ፊት፣ በመስኮት መስታወት ላይ በዘረጋሁት ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አስተካከልኩ። ለዓመታት ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎብጦ ነበር። በመካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አዲስ ነው። በጠቅላላው ያወጣሁት ገንዘብ የጃፓኑን ይገዛ ነበር፣ ግን አይቆጨኝም።

የመጨረሻው ማስተካከያ ሐረር ይሁን። ከተማችን ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ግን ወደ 1,200 ሜትር። ላይ አየሩ ስስ ነው። ድሬ ላይ ልክ የነበረው ነዳጅ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ሲደርስ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ብዙ የምትነዱት የት ነው? እዚያው አስተካክሉ።

ስለ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ዘይት ዝም ብዬ አላልፍም። የ404 ዲፈረንሻል ውስጥ ጠመዝማዛ ብረት የነሐስ ጥርስን ያዞራል። ኢፒ (EP) የሚል የተጻፈበትን ዘይት አትጨምሩበት። ውስጡ ያለው የድኝ ቅመም ሲሞቅ ነሐስ ይበላል። ዘይት ሲቀየር የወጣውን ፀሐይ ላይ እዩት፤ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር በብዛት ካለበት ጥርሱ እያለቀ ነው። ፈረንሳይ የ404ን የቤት መኪና ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው የሠራችው። አዲስ ጥርስ ከየት ይመጣል?

አሁን የቀረኝ የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ ነው። ፋብሪካው ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ እንዲዞር ነው የሠራው። የኔን ከኔ በፊት የነበረ ሰው በቡሎን አስሮታል፣ ሁልጊዜ ይዞራል። ድሬ ለመውረድ አይከፋም፣ ሐረር ብርድ ላይ ግን ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። ማግኔቱን ከነመጠምጠሚያው ያስቀመጠ ካለ ይጻፍልኝ። መሸጥ ባይፈልግም ለክቼ ልመልስለት፤ ፈረስ መጋላ ድረስ እመጣለሁ።